ውሃ ያቆረ ሳጥን

ሰፈሩ ሁሉ ውሃልክ ነው የሚላት። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቁት መታወቂያዋና አንዲት ልጇ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅጽል ስሙ የወጣላት ባሏ በሕይወት ሳለ ነው። ባልየው ብረት ይበይዳል፣ እሷ ላሜራ ትቆርጣለች፣ ታጥፋለች። አንድ ጊዜ የአንድ ሀብታም ቤት የብረት በር ሰቅለው ሲጨርሱ ባሏ እጁን እያራገፈ "በቃ፣ አልቋል" ሲል፣ እሷ ከሽርጧ ኪስ ውሃ ልኳን አወጣችና በሩ አናት ላይ አጋደመቻት። በመስታወቷ ውስጥ ያለችው አረፋ ከመሀል መስመሩ የፀጉር ያህል ፈቀቅ ብላለች። በሩን አስወለቀችው። ሀብታሙ እየሳቀ "ሴትየዋ ራሷ ውሃ ልክ ናት" አለ፤ ስሟ በዚያው ጸደቀ።

ጠማማ ነገር ያቅለሸልሻታል። ሌላው ሰው የበሰበሰ ሥጋ ሲሸተው የሚሰማው ነገር እሷን የሚሰማት ያዘመመ መስኮት፣ በሲሊኮን የተለሰነ ቀዳዳ፣ ወይም ሳይፋቅ ቀለም የተቀባ ዝገት ስታይ ነው። ሰው ልትጠይቅ ገብታ የብረት ወንበር ቢያቀርቡላት፣ ከመቀመጧ በፊት ጎንበስ ብላ እግሩን ታያለች። ብየዳው ካስጠላት "መቆም ይሻለኛል፣ ወገቤን ነው" ብላ ቆማ ጠይቃ ትወጣለች።

ባሏ ከሞተ በኋላ ወርክሾፑን ሃያ ዓመት ለብቻዋ ይዛ ቆየች። ከበሩ በላይ "የውሃልክ ብረታ ብረት" የሚል ሰሌዳ አሰቀለች፤ ከእጇ በሚወጣ ሥራ ሁሉ ላይም ይህንኑ ስም በብረት ማኅተም ትመታበት ነበር። ወገቧ አልታጠፍ፣ ጉልበቷ አልዘረጋ ሲላት ግን ሥራውን ለአማቿ አስረከበች። አማቿ ከሠራተኞቿ ሁሉ እጁ የቀና፣ ብየዳው እንደ ጥልፍ የሚታይ ልጅ ነበር። ልጇን ላግባ ብሎ ሲመጣም "የምሰጥህ ለእጅህ ስል ነው" ብላው፣ ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። ማሽኑም፣ ሰሌዳውም፣ ማኅተሙም ለእሱ ሆኑ። ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል።

በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ የመብራት መጥፋት ሲበዛ፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ የሚሰቅልና ኃይል የሚያጠራቅም ባትሪ የሚያስገባ ቤት እየበዛ መጣ። ባትሪዎቹ ከባድ ናቸው፣ ቦታ ይይዛሉ፤ ሰውም "ተኝተን ሳለን ቢቀጣጠልስ" እያለ ይፈራቸዋል። ስለዚህ ባትሪዎቹን የሚገጥመው ድርጅት ውጭ፣ ግቢ ውስጥ፣ በብረት ሳጥን ያስቀምጣቸው ጀመር። ሳጥኖቹን የሚሠራለት የውሃልክ አማች ነበር። ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ሄዳ ግን አንዱንም ከፍታ አላየችም።

ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ከማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር በሯን አንኳኩ። መምህሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ነገር የሚጀምሩት ከሩቅ ነው። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቁ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ትንሽ አማረሩ። የመጡበትን የተናገሩት ሊሄዱ ሲነሱ ነው። መብራታቸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ባትሪው ያለበት ሳጥንም ክፉ ሽታ አምጥቷል። ሳጥኑ የእሷ ሥራ ስለሆነ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለጉም።

"የእኔ ሥራ?" አለች።

"ስምዎ አለበት" አሉ መምህሩ፣ እንደ ማፈር ብለው።

መፍቻዋንና የጎማ ጓንቷን ይዛ ተከተለቻቸው። ሳጥኑ ከኩሽናው ጀርባ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ያለ እግር፣ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሏል። የተቀመጠውም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት በምታገኘው በኩል ነው። ጣሪያው ዝርግ ነው። ዝርግ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ መሀሉ ሰርጉዶ ውሃ አቁሯል፣ በውሃው ውስጥ የትንኝ እጭ ይርመሰመሳል። መጋጠሚያው ዙሪያውን በሲሊኮን ተለስኗል፤ ሲሊኮኑ ቢጫ ሆኖ እንደ ንፍጥ ተንጠልጥሏል። መምህሩ ብሬከሩን እንዲያጠፉ ካደረገች በኋላ በሩን ከፈተችው። ሽታው ቀድሟት ወጣ።

ወለሉ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ጥቁር ውሃ ቆሟል። የበረሮ ክንፍና ሆዱ የተነፋ እንሽላሊት ይንሳፈፍበታል። አንደኛው ጥግ ላይ አይጥ የገመዱን ልባስ እየላጠች፣ ከጨርቅና ከጭቃ ጋር ለውሳ ጎጆ ሠርታለች፤ እዚያው ጎጆዋ ውስጥ ሞታለች፣ ከሞተችም ሰንብታለች። ገመዱ የሚገባው በጣሪያው በኩል በመሮ ተመትቶ በተከፈተ ጉድጓድ ነው። ዝናብ ሲመጣ ገመዱን ተከትሎ ልክ እንደ ተጠራ እንግዳ ሰተት ብሎ ይገባል። የባትሪዎቹ መዳብ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል።

ምራቋ በአፏ ሞላ። ግን ከአይጧ ይልቅ ያስጠላት ብየዳው ነው። እዚህ ጠብ፣ እዚያ ጠብ ያለ፣ የወፍ ኩስ የመሰለ ብየዳ። ከበሩ በስተውስጥ፣ ቀለሙ ከተላጠበት አጠገብ፣ ማኅተሟ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሞተችው አይጥ በላይ አንድ ስንዝር ነው።

መምህሩ በመሃረብ አፍንጫቸውን ይዘው "ምናልባት ዘንድሮ ዝናቡ ስለበዛ ይሆናል" አሉ፣ ሊያጽናኗት። ንግግራቸው ከስድብ በላይ ዘለቃት። ስሟን የጠሩት ስድብ አድርገው ቢሆን ኖሮ መልስ ነበራት። ለእንዲህ ያለ ደግነት ግን ምን ይመለሳል? ውሃውን ጠርጋ፣ አይጧን በአካፋ አውጥታ፣ ባትሪዎቹን በጨርቅ አደረቀችና ሳትሰናበት ሄደች።

ወርክሾፑ ስትደርስ አማቿ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ በስልክ ይነጋገር ነበር። በእሷ ጊዜ ወርክሾፑ ውስጥ የሥራ እንጂ የመቀመጫ ጠረጴዛ አልነበረም። ወለሉ ላይ ያለቁ የሲሊኮን ቱቦዎች ተረጋግጠው ተበትነዋል። ግድግዳውን ተደግፈው አሥራ አንድ አዳዲስ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ከፊት ሲታዩ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ደስ የሚሉ። አንዱን ከፍታ ጣቷን በውስጥ ጠርዙ ላይ አሳለፈችው። ጸረ ዝገት የለ፣ የተሞረደ የለ። ጣቷ ቆሽሾ ብቻ ሳይሆን ደምቶ ወጣ።

አማቿ ስልኩን ዘግቶ "እማዬ፣ ምን እግር ጣለዎት?" ብሎ ተነሣ። መምህሩ ቤት ያየችውን ነገረችው። አልካደም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ለስላሳ ነው። ድርጅቱ በሳምንት አሥር ሳጥን እንደሚፈልግ፣ ወፍራም ላሜራ ቢጠቀም ሥራው ለሌላ እንደሚሄድ፣ አራት ሠራተኛ የሚያድረው በዚህ እንደሆነ በእርጋታ አስረዳት። ከዚያ ከጆሯ የማይወጣውን ነገር ተናገረ።

"እማዬ፣ ሰው የሚያየው የፊቱን በር ነው።"

ቢያንስ ስሜን አንሣልኝ አለችው። እሱ ግን ድርጅቱ የመጣው ስሙን ብሎ እንደሆነ፣ ውሉም የተጻፈው በዚያ ስም እንደሆነ ነገራት። "ስሙን እኮ ሰጥተውኛል" አለ። እውነቱን ነው፤ ሰጥታዋለች። ወጥታ ሄደች። በማግስቱ ልጇ ደውላ ስታለቅስ ቆየች። ባሏ እራት ሳይበላ እንዳደረ፣ ሠራተኞቹ ፊት እንደተዋረደ ነገረቻትና በመጨረሻ ቤቴን አታፍርሺብኝ ብላ ዘጋችው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ውሃልክ ግን ገና ሳትቀበር ስሟ ከአይጥ ጋር ሲበሰብስ አይታለች። ሁለት ቀን ምግብ አስጠላት። በሦስተኛው ቀን ከድሮ ሠራተኞቿ አንዱ የሆነውን ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ጠርታ ሳጥኖቹ የተተከሉባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አስነገረችው። አርባ ሦስት ሆኑ። ትንሿን የብረት መፋቂያ፣ ግራይንደሯን፣ በገበያ ዘንቢል ውስጥ አስገብታ፣ ላዩን በፎጣ ሸፍና ወጣች።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቤቶች አልከበዷትም። "ሳጥኑ ላይ የስም ስህተት አለ፣ ላስተካክል ነው" ትላለች፤ የቤቱ እመቤት ወይም የቤቱ ጠባቂ ያስገባታል። ግራይንደሩ ይጮኻል፣ ብልጭታው ይረጫል፣ ማኅተሟ ይጠፋል። የተፋቀው ቦታ እንዳይዝግ ቀለም ትቀባበታለች። ሲያስታውካት ውሎ አፏን እንደተጉመጠመጠች ሰው ቀለል ይላት ነበር። በሦስቱም ሳጥኖች ውስጥ ውሃ ነበር። በሦስቱም ዓይኗን ከውሃው አንሥታለች።

አራተኛው የአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ልብስ ሰፊዋ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አፏ ሙሉ መርፌ ቁልፍ እንደያዘች በጭንቅላቷ "ግቢ" አለቻት። ሳጥኑ ካለበት ግድግዳ በስተውስጥ የማሽን ድምፅ ይሰማል፤ ይንፈቀፈቃል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይንፈቀፈቃል። የልብስ ሰፊዋ አባት ሳንባቸው ደክሞ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት። ባትሪው የገባው መብራት ሲጠፋ ያ ማሽን እንዳይቆም ነው።

ውሃልክ ስሟን ፍቃ ስትጨርስ ሴትየዋ ከኋላዋ ቆማ ኖሯል። ምን እንዳደረገች ጠየቀቻት። እንደ ሌሎቹ ቤት ዋሽታ ማለፍ ትችል ነበር፤ የማሽኑ ድምፅ ነው መሰለኝ ውሸቱን ከአፏ የነጠቃት። ሁሉንም ነገረቻት፤ ወርክሾፑን፣ አማቿን፣ ማኅተሙን። ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች እጅጌዋ ላይ ሰካች።

"ስምዎን ይዘው፣ ውሃውን ለእኔ ትተውልኝ ሊሄዱ ነው?" አለች።

ውሃልክ ግራይንደሩን ዘንቢሉ ውስጥ መለሰች።

"አባቴ የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ማን እንደሠራው ምን ቸገረኝ፤ እኔን የቸገረኝ ውሃው ነው። ሥራውን ሰጥተው፣ ስሙን ሰጥተው፣ አራት ዓመት ዞር ብለው ሳያዩ፣ አሁን እንደ ጅራፍ ራስዎ ገርፈው ራስዎ ይጮኻሉ?"

ውሃልክ የተደፋ ባልዲ አግኝታ ተቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምትጸየፈው ሌላ ሰው ነበር። የአማቿን ጠረጴዛ፣ የአማቿን ሲሊኮን፣ የአማቿን ለስላሳ አንደበት። አሁን ግን ጠዋቱን ሙሉ ያደረገችውን አየች። በሰው ግቢ እየገባች የራሷን ፊት ብቻ ታጥባ ስትወጣ፣ እጣቢውን እዚያው ስትደፋ ነው የዋለችው። ሦስት ቤት! ባለቤቶቹ አመስግነው እስከ በር ሸኝተዋታል። የራሷ እጅ አስጠላት፤ ሽርጧ ላይ ደጋግማ ጠረገችው፣ የሚለቅ ነገር ግን አልነበረውም።

ደግነቱ በዚያ ሰዓት መብራት ነበር። የባትሪውን ብሬከር አጥፍታ ውሃውን ቀዳች፣ ባትሪዎቹን ከልብስ ሰፊዋ ጋር ተጋግዘው ጡብ ላይ አወጡ፣ መዳቡን በብሩሽ ፈትጋ አደረቀች፣ ላዩንም በሸራ ከለለችው። ሦስት ቀን ስጪኝ አለቻት። ሴትየዋ እሺም እንቢም ሳትል ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ውሃልክ ወርክሾፑ ገባች። ላሜራ ማጠፊያው ማሽን ያለው እዚያ ብቻ ነው። አማቿን ሰላም አላለችውም። ከመደርደሪያው የመጀመሪያውን ላሜራ ስባ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ እንደ ብስኩት ቆርቆሮ ጮኸ። ወረወረችው። ከኋላ፣ አቧራ ከለበሰው ክምር ውስጥ፣ በራሷ ጊዜ የተገዛ ሁለት ሚሊሜትር የሆነ፣ ዝገት የማይደፍረው ላሜራ አገኘች። ቀለም ቀቢው ሳይጠራ መጥቶ ጫፉን ያዘላት። ማሽኑ እንደ ድሮው ሲታዘዝላት ወገቧ ግን አልታዘዘም፤ በየመሀሉ ግድግዳ ተደግፋ ታቃስት ነበር።

አዲሱን ሳጥን የሠራችው ያየችውን ጸያፍ ነገር ሁሉ እያስታወሰች ነው። መሬት ላይ የተቀመጠው ታወሳትና ለአዲሱ አራት እግር አበጀችለት፤ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ይላል፣ የጭቃ ፍንጥቅጣቂ አይደርሰውም። የሰረጎደው ጣሪያ ታወሳትና ጣሪያውን ወደ ፊት አዘመመችው፤ ክፈፉን ከበሩ አራት ጣት አሳልፋ ጫፉን ወደ ታች ቀለበሰችው፣ ውሃው ወደ በሩ እንዳይመለስ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ ላሜራ፣ በመሀሉ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ትታ፣ እንደ ጃንጥላ ዘረጋችበት። ባትሪ ውሃን ብቻ ሳይሆን ሙቀትንም ይጠላል። የበሩን መክፈቻ ዙሪያውን ወደ ውጭ ቀና አድርጋ አጠፈችውና በሩ እንደ ድስት ክዳን ጠርዙን ሸፍኖ እንዲገጥምበት አደረገች። በውስጡ ጎማ ዞረበት። ሲሊኮን አንድም ጠብታ አልነካውም።

ገመዱ የሚገባው ከሥር ነው። ቀዳዳውን ሞርዳ ሞርዳ እንደ ቀለበት አለሰለሰችውና የጎማ አንገት አጠለቀችለት። ገመዱም ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ሆድ አበጅቶ እንዲንጠለጠል አሰበች፤ ዝናቡ ተከትሎት ቢመጣ ከዚያ ሆድ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። መተንፈሻዎቹን አንዱን ጎን ከታች፣ ሌላውን ከክፈፉ ሥር፣ ምላሳቸውን ወደ ታች አድርጋ ከፈተች፤ ለእንሽላሊትና ለበረሮ ደግሞ ወንፊት ሽቦ አደረገችባቸው። የሳጥኑን ጀርባ በስተውስጥ እሳት በማይበላው የሲሚንቶ ሰሌዳ ሸፈነችው። ወለሉን ወደ አንድ ጥግ ትንሽ አዘንብላ በጥጉ ላይ ቀዳዳ አበጀች። ባሏ "ውሃ አይገባም ብለሽ አትማዪ፤ መውጫውን ስሪለት" ይላት ነበር።

ብየዳውን ፍቃ፣ አጥባ፣ ሁለት ጊዜ ጸረ ዝገት፣ ሁለት ጊዜ ነጭ ቀለም አስቀባች። ነጩ ፀሐይን እንዲመልስ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አለቀ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበዋታል። አማቿ ከጠረጴዛው ሆኖ፣ እንዲህ ከሆነ በሳምንት ሦስት ሳጥን እንኳ አይወጣም አለ።

ውሃልክ ሳጥኑ ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግታ በሩን ቆለፈችና የውሃ ጎማውን ለቀለም ቀቢው ሰጠችው። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ ነፋስ እንደሚያመጣው ከሥርም እየሰደደ አንድ ሰዓት ሙሉ አርከፈከፈበት። ሲከፈት ጋዜጣው ደረቅ ነው። አንድ ጥጉ ብቻ፣ የመዳፍ ግማሽ ያህል፣ ርሷል።

ሠራተኞቹ "ይሄማ ምንም አይደል" አሉ። እሷ ግን ያንን እርጥብ ጥግ ስታይ የመምህሩ ቤት ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ተመልሶ መጣ። አዲስ፣ ነጭ፣ የገዛ እጇ ሥራ ሳጥን፣ እሱም ያስገባል። ተንበርክካ ፈለገች፤ መጋጠሚያውን፣ ጎማውን፣ መተንፈሻውን ዳሰሰች። አላገኘችውም። ዓይኗም ደክሟል። ላሜራውን በጥፊ መታችው።

በዚህ ጊዜ አማቿ ከጠረጴዛው ተነሣ። ከጎኗ በርከክ ብሎ የስልኩን መብራት ወደ ውስጥ አበራና ጣቱን በጠርዙ ዙሪያ አሳለፈ።

"የበሩ ማጠፊያ ብሎን ነው። ቀዳዳው ከጠርዙ በስተውስጥ ሆኗል፤ ውሃው የብሎኑን ጥርስ ተከትሎ ነው የገባው" አለ።

ጭምብሉን አጠለቀ። ቀዳዳዎቹን በየተራ በብየዳ ደፈነ፣ ማጠፊያውን ወደ ውጭ አውጥቶ እንደገና ገጠመው። ከሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ጭምብሉን ሲያነሣ ውሃልክ ብየዳውን አየችው። አንድ ወጥ፣ ቅርፊቱ እንደ ዓሣ የተደረደረ፣ መሞረድ እንኳ የማይፈልግ። ያ ልጇን የሰጠችለት እጅ ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ከአይጧ፣ ከእጩ፣ ከዚያ ቢጫ ልስን ሁሉ ይልቅ ያስጠላት ያ ውብ ብየዳ ሆነ።

"እንዲያ የምትበይደው እጅህ ጠፍቶ መስሎኝ ነበር" አለችው።

አማቿ ዓይኑን ወደ ብየዳው መለሰ። ጆሮዎቹ ቀሉ። ጭምብሉን በእጁ እንዳንጠለጠለ ቆመ፤ ሠራተኞቹም አንድ በአንድ ዞር ዞር አሉ። ሳጥኑ እንደገና አንድ ሰዓት ውሃ ወረደበት። ጋዜጣው ሲወጣ እንደገባው ደረቅ ነበር።

ቃል በገባችው በሦስተኛው ቀን በልብስ ሰፊዋ ግቢ፣ ፀሐይ በማታገኘው በኩል፣ በሲሚንቶ መደብ ላይ ተከሉት፤ ከግድግዳው አራት ጣት አራቁት። አማቿ ሳይጠራ መጥቶ ባትሪዎቹን ተሸከመ። ውሃልክ ውሃ ልኳን የሳጥኑ በር የታችኛው ጠርዝ ላይ አድርጋ አንደኛውን እግር ሁለት ጊዜ አስነሣችው። የልብስ ሰፊዋ አባት ቱቦው ከአፍንጫቸው ሳይወጣ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ሲያዩ ቆዩና "ነጭ ማድረጋችሁ ምንድነው? የሬሳ ሳጥን እኮ መሰለ። ገና አልሞትኩም" አሉ። ልጃቸው "አባዬ!" ብላ ተቆጣች። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። በዚያው ሳምንት መብራት ለሁለት ቀን ሲጠፋና ዝናቡ ሳያባራ ሲወርድ ማሽኑ አልቆመም። ልብስ ሰፊዋ ለምስጋና አልመጣችም። ውሃልክም አልጠበቀችም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንዲህ እንደ ተረት የቀና አይደለም። አማቿ ለድርጅቱ ሳጥኑ በዚህ መልክ ካልሆነ አልሠራም ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ድርጅቱም ሳያመነታ ሥራውን ለሌላ ወርክሾፕ ሰጠው። ሁለት ሠራተኞች ለቀቁ። ከአርባ ሦስቱ ሳጥኖች እስከ ተከታዩ ዓመት መጨረሻ ሃያ ስድስቱን በአዲስ ለወጡ። ለዘጠኙ እግርና ጣሪያ ቀጥለው፣ ከሥር ቀዳዳ አበጅተው አስታመሟቸው። በአምስት ቤት ደርሰው ሳጥኑን ሲከፍቱ ባትሪው ሞቶ ጠበቃቸው። የሦስቱ ቤት ሰዎች ደግሞ የዚያ ስም ሰዎች በራችን ላይ አንፈልግም ብለው አላስገቧቸውም፤ ውሃልክ ልክ ናቸው አለች።

ባትሪያቸው ከሞተባቸው አምስቱ አንዱ መምህሩ ናቸው። አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን አንሥተው ስለ ጉልበቷ ይጠይቋታል፤ ማታ ማታ በሻማ እንደሚያነቡ ከሌላ ሰው ነው የሰማችው። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣቸው ከሩቅ ከታያት መንገድ ትለውጣለች።

ልጇ አራት ወር አኩርፋት ቆየች። አንድ እሑድ ከሰዓት ሕፃን ልጇን አዝላ መጣች። ስለ ነገሩ ሳያነሡ ሻይ ጠጡ፣ ሕፃኗን አጠቡ፣ አስተኙ። ልጇ ሕፃኗን እያየች ባሏ ቤት ሲገባ እንደ ድሮው ብረት ብረት እንደሚሸት፣ እጁም ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ጠባሳ እንደጀመረው አወራች። ውሃልክ ትሰማለች። በሳምንት ሁለት ቀን ወርክሾፑ ሄዳ የሚወጣውን ሳጥን ሁሉ በጎማ ውሃ ትፈትናለች፤ ከአማቿ ጋር የሚነጋገሩት ስለ ላሜራና ስለ ብሎን ብቻ ነው።

"እማ፣ ይቅር አልሽው?" አለች ልጅቱ በመጨረሻ።

ውሃልክ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

"ሥራውን አያለሁ" አለች። "ፊቱን ገና አላየሁትም።"

ልጇ ይህን ለባሏ ትንገረው አትንገረው አይታወቅም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ውሃልክ ወርክሾፑ ስትገባ ሁለት ሳጥን ተዘጋጅቶ፣ ጋዜጣው በውስጣቸው ተዘርግቶ፣ የውሃ ጎማው ተስቦ ቆይቷታል። አማቿ በሌላ በኩል ጎንበስ ብሎ ይበይድ ነበር። ጎማውን አነሣችና ውሃውን ከፈተችው።